ለፈረሱ የከለከልኩት ጠበል

በሕይወቴ ጠበል የከለከልኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የከለከልኩት ደግሞ ለፈረስ ነው፤ ጠበሉም የራሴ ነበር። ይህን አንብባችሁ የምትስቁ አትጠፉም። ሳቁ፣ አልቀየምም። እኔ ግን ያችን ቀን ሳነሳ ዛሬም አልስቅም።

ስንዱ እባላለሁ፤ የጋይንት ልጅ ነኝ። ከፋ ምድር፣ ቦንጋ ያመጣኝ እንጀራ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የጣውላ ሥራ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤቱን እይዛለሁ። ቆልፌ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ እጀታውን የምነቀንቅ፣ ፀሐይ እያለ ጃንጥላ የምይዝ ዓይነት ሴት ነኝ፤ ቦንጋም ጃንጥላ በመያዜ አሳፍራኝ አታውቅም። ከሥራ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤቴ፣ ኑሮዬ ይኸው ነበር፤ ወደ አገሬ የሚመልሰኝን ሥራ እያፈላለግሁ። ከአገሬ ስወጣ እናቴ «በሰው አገር እሺ ማለት አይጎዳም» ብላ መክራኝ ነበርና፣ ሁሉን እሺ ስል ኖርኩ። የቤት ኪራይ ቢጨመር እሺ፣ ሰልፍ ላይ ቢቀድሙኝ እሺ። ሰው እንዳይቀየመኝ የምፈራውን ያህል የምፈራው ነገር አልነበረኝም። ከፈረስ በቀር።

የተከራየኋት ክፍል ጋሽ ተካና እትዬ በላይነሽ የሚባሉ ባልና ሚስት ግቢ ውስጥ ናት። ልጆቻቸው አግብተው በየአገሩ ተበትነዋል። ጋሽ ተካ ዳማ የሚሉት ፈረስ ነበራቸው፤ ዳማ የቀለሙ ስም ነው፣ ሌላ ስም አላወጡለትም። ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ በጋጣው በር ፊት ስለሚያልፍ እኔ አጥሩን ታክኬ ነበር የምሄደው። ጋሽ ተካ በረንዳ ላይ ሆነው ያዩኝና፣ «ስንዱ፣ አጥሩ እኮ ከፈረሱ ይብሳል፤ እሾህ አለው» ይሉኛል። እኔም «እሺ ጋሼ» እልና አጥሩን እንደታከክሁ እሄዳለሁ።

ያን ዓመት ዝናቡ አላባራ አለ። የጋጣው ወለል አፈር ነው። የሚነጠፍለት ሣር ዝናቡንም የፈረሱንም ሽንት ጠጥቶ ውሎ ሳያድር ይበሰብሳል። የዳማው ኮቴ ከሥሩ እየላሸ መሽተት ጀመረ፤ ቀጥሎ ማነከስ መጣ። ጋሽ ተካ ጠዋት ጠዋት ኮቴውን አንስተው ሲጠርጉ እየሰማሁ ነበር ለሥራ የምወጣው። እንደ ልጅ ነበር የሚያናግሩት፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ።

በዚያው ሰሞን ሥራ ቤታችን ሰጋቱራውን ጨምቆ የጣት አንጓ የሚያህል ፍሬ የሚያደርግ ማሽን አስተክሎ ነበር። ፍሬው ለምድጃ ማገዶ ነው፤ «ፔሌት» ይሉታል። ማሽኑን ሊተክል የመጣው ባለሙያ ሻይ ይዞ ሲጫወት፣ ሌላ አገር ይህንኑ ለፈረስ ጉዝጓዝ እንደሚያደርጉት ሲናገር ሰማሁ። ዳማው ትዝ አለኝና ጠጋ ብዬ አስረዳኝ አልኩት። ከዚያ ኃላፊያችንን አስፈቅጄ አንድ ጆንያ በባጃጅ ጭኜ ወደ ቤት መጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬው ወለሉ ላይ ይፈስሳል፤ ውሃ ይርከፈከፍበታል። ትንሽ ሲቆይ ያ ጠጠር የመሰለው ነገር እንደ ቡኮ ይነፋል፣ ይፈርሳል፣ ለስላሳ ሰጋቱራ ይሆናል። ፈረሱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ሽንቱን እዚያው ይመጠዋል፤ የረጠበውን ብቻ በአካፋ አውጥቶ በቦታው አዲስ መጨመር ነው። ጋሽ ተካ መጀመሪያ አላመኑኝም። ውሃውን ስናርከፈክፍ እንደ ሕፃን ተንበርክከው ፍሬው ሲነፋ ተመለከቱ። ጥቂት የመሰለው ፍሬ ነፍቶ ወለሉን ሲሞላው፣ «ይሄስ የሰይጣን ነው» ብለው ሳቁ። ዳማው በገባበት ቀን ደግሞ፣ «እኔ ሰሌን ላይ፣ እሱ ፍራሽ ላይ!» እያሉ ለመንገደኛው ሁሉ አወሩ። ኮቴው ቀስ በቀስ ይደርቅ ጀመር።

አንድ ነገር እዚህ ጋ ልንገራችሁ፤ ኋላ ይመጣል። ሥራ ቤታችን አዲስ ጆንያ አይገዛም። ከከብት መኖ ነጋዴዎች ያገለገለ ጆንያ ይሰበስብና ፔሌቱን በዚያ ይሞላል። ጋጣው ጥግ የቆመው ጆንያ ላይም የወፈረች ላም ተስላበት ነበር።

ፈረሱ ሲያገግም ጌታው ታመሙ። ጋሽ ተካ ወዲያው ነው የወደቁት። እናቴ በሰው የምትልክልኝ የአገሬ ጠበል ነበረኝ፤ ራሷ ወርዳ፣ ራሷ ቀድታ፣ በላስቲክ ጠርሙስ። ከእሱ ማታ ማታ እየቀዳሁ እወስድላቸው ነበር። ሲጠጡ ፊታቸው ያርፍ ነበርና እትዬ በላይነሽ «ስቃዩን ያቀለለለት የስንዱ ጠበል ነው» ይሉ ነበር። እግዚአብሔር ግን ወሰዳቸው።

በዚያ አገር ፈረሰኛ የነበረ ሰው ሲሞት ፈረሱም ከአልቃሹ ጋር ይቆማል። ኮርቻው ይጫንበታል፣ ይሸለማል፣ ባዶ ኮርቻ ይዞ በሰው መሃል ያልፋል። በቀብሩ ቀን ዳማው ገና ያነክስ ስለነበር አልወጣም። ጋሽ ተካ ይህን አስቀድመው አውቀውት ኖሮ፣ በመጨረሻዋ ሰሞን «ለአርባዬ ይደርሳል፤ እያነከሰ ግን እንዳታወጡት» ብለዋል። እትዬ በላይነሽ ይህችን ቃል እንደ አደራ ያዟት። ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ እህል የሚቀምሱት ፈረሱ ሲበላ አይተው ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እኔም ሌላ ጆንያ እያመጣሁ ጋጣውን ማድረቅ ሥራዬ አደረግሁት፤ ከሩቅ ቆሜ ውሃውን እረጫለሁ፣ አካፋውን የሚይዙት እሳቸው ናቸው።

የአርባው ዋዜማ ደረሰ። ዳማው ከነጭራሹ ማነከሱን ትቷል። እኔ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ በረንዳው ላይ ከሴቶቹ ጋር ምስር እለቅማለሁ። ረፋዱ ላይ የጋሽ ተካ ታናሽ ወንድም ጋሽ ገብሬ ከቢታ ገነት መጡ። በነጠላቸው ጫፍ ገብስ ቋጥረዋል፣ በሌላው ጫፍ ጨው። ሰላምታውን ቶሎ ቶሎ አደረጉና «እሱን ቀድሜ ልየው» ብለው ወደ ጋጣው አለፉ። ማንም አልከለከላቸውም። ወንድማቸውን የሚያገኙት እዚያ ነውና።

ምስሩን እየለቀምኩ ሳለ ሳል ሰማሁ። የሰው ሳል መስሎኝ ነበር። እንደገና መጣ፤ ከሆድ የሚወጣ፣ አየር ያጠረው ሳል። ቀጥሎ ጋሽ ገብሬ በካፊኖኖ ተጣሩ። ቃሉ አልገባኝም፤ እትዬ በላይነሽ ግን የያዙትን ሰፌድ ጥለው ሲሮጡ አየሁ። ምስሩ ግቢው ላይ ተበተነ።

ደርሰን ስናይ ዳማው አንገቱን ወደ ፊት መዝዞ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ደፍቶ፣ እንደገና መዝዞ ይንፈራገጣል። ከአፍንጫው አረፋ ይወርዳል፤ አረፋው ነጭ አይደለም፣ የሰጋቱራ ቀለም አለው። ደረቱ በላብ ጠቁሯል። ዓይኑ ነጩ ወጥቷል። ግርግሙን ተመለከትኩ። ገብስ አለ፣ ጨው አለ፤ ከሁሉ የሚበዛው ግን ፔሌት ነው። ጆንያው አጠገቡ ተፈትቶ፣ ላሚቱ ወደ እኛ ዞራ ቆማለች።

ከመሬት አንድ ፍሬ አንስቼ አሳየኋቸው።

«ጋሽ ገብሬ፣ ይሄን ነው የሰጡት?» አልኩ።

«አዎ። ገዝታችሁለት የለ እንዴ? ከገብሱ ጋር አሽቼ በጨው ሰጠሁት። ምን ሆነ?»

«የሚበላ አይደለም። እንጨት ነው።»

«ምን?»

«እንጨት ነው ጋሼ። የሚነጠፍ ነው።»

ጋሽ ገብሬ ወደ ጆንያው ዞሩ፣ ወደ እኔ ዞሩ። «ላም አለበት እኮ» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ልጅ ሆኖ። ከኋላ ከቆሙት ሴቶች አንዷ፣ «ፈረስ ቤት እንጨት በመኖ ጆንያ ያመጣው ማነው?» አለች። መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። ሁሉም ወደ እኔ ተመለከተ።

ስንት ዓመት እዚያ አገር ስኖር ባዕድነቴ እንደዚያች ቅጽበት ተሰምቶኝ አያውቅም። ፈረሱ ከሞተ የጋሽ ተካ አደራ በአርባቸው ዋዜማ ሞተ ማለት ነው። የገደለው ደግሞ «ከሰሜን የመጣችው ሴትዮ እንጨት» ነው የሚባለው። እትዬ በላይነሽስ? እሳቸው ከፈረሱ በኋላ ምን ይዘው ይቆማሉ?

እሳቸው ግን የሚያስቡት ሌላ ነው። «ታንቋል፤ ውሃ! ውሃ አምጡለት» አሉ። ባልዲ መጣ። ዳማው አፉን ነከረ፤ ጠጣ መሰለን። ወዲያው ውሃው በአፍንጫው ተመልሶ ፈሰሰ፤ ሳሉ በረታ። አንገቱን በስተግራ አየሁት፤ ከቆዳው ሥር ጡጫ የሚያህል እብጠት ይዟል።

ያኔ ነው የገባኝ። አንድ ክረምት የግምጃ ቤቱ ጣሪያ አፍስሶ ፔሌቱን አርሶት ነበር። ጠዋት በሩን ስከፍት ጆንያዎቹ ስፌታቸው ተተርትሮ አንጀታቸውን ዘርግፈው ነበር። ይህ ነገር ውሃ ሲያገኝ የሚያቆመው የለም። አሁን በፈረሱ ጉሮሮ ውስጥ ተሰክቷል፤ እኛ ደግሞ ውሃ እያጠጣነው ነው።

ባልዲውን በእግሬ ገፋሁት። ተደፋ።

እኔ፣ ሁሉን እሺ የምለው፣ ሐዘንተኛ ቤት ውስጥ ለሚታነቅ እንስሳ የቀረበ ውሃ በእግሬ ደፋሁ።

«አብደሻል?» አሉኝ ጋሽ ገብሬ።

«ውሃ ሲያገኝ ይነፋል ጋሼ። በአፉ ምንም አይግባ። እለምናችኋለሁ።»

«ታዲያ ደረቁን ይሙት?»

እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ስለ ሰጋቱራ እንጂ ስለ ፈረስ ጉሮሮ የማውቀው የለም። የእንስሳት ሐኪሙን ስልክ አውጥቼ ደወልኩ፤ ለኮቴው ይመጣ የነበረ ወጣት ሐኪም ነው። ይጠራል፣ አይነሳም። ደጋግሜ ደወልኩ። በመሃል አንድ ጎረቤት የኑግ ዘይት በቢራ ጠርሙስ ይዞ መጣ፤ «ያሟልጨዋል፤ አንገቱን ቀና አድርጋችሁ ያዙልኝ» አለ። በበሩ መቃን ላይ ቆሜ መንገድ ዘጋሁበት። በስተኋላዬ የፈረሱ ትንፋሽ ይሰማኛል፤ ሞቃት ነው። በሕይወቴ ሙሉ የሸሸሁትን እንስሳ ጀርባዬን ሰጥቼው ቆሜያለሁ።

ሰውየው ጠርሙሱን እያወዛወዘ፣ «እትዬ፣ እርስዎ አገር ፈረስ ሲታነቅ በር ላይ ነው የሚቆመው?» አለኝ። አንዳንዱ ሳቀ። እኔም «ሐኪሙ ይምጣና እሱ ካለ ያጠጡት» አልኩ።

ይህ ሁሉ ቀላሉ ነበር። ከባዱ አሁን መጣ።

እትዬ በላይነሽ መሃል ላይ ጠፍተው ነበር። ሲመለሱ ሰው ከፈል ብሎ አሳለፋቸው። በእጃቸው የላስቲክ ጠርሙስ ይዘዋል። አወቅሁት። ከክፍሌ፣ ከምጸልይበት ሥዕል ሥር ነው ያነሱት። እናቴ የቀዳችው ጠበል፣ ከጋሽ ተካ የተረፈው።

«ውሃ አይደለም እንግዲህ» አሉኝ በዝግታ። «ጠበል ነው። ይሄስ አይነፋም።»

ሰው ሁሉ አማተበ። ጋሽ ገብሬም ባርኔጣቸውን አወለቁ።

አንባቢዎቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ጠበሉ ያድናል ብዬ አምናለሁ። ዛሬም አምናለሁ። ልጅ ሆኜ የዳንኩበት ነው። አሁን «አይሆንም» ብል ያልኩት ለእትዬ በላይነሽ ነው ወይስ ለእግዚአብሔር? እሺ ብልና ጠበሉ ጉሮሮው ውስጥ ያለውን ቢያነፋው፣ ፈረሱን የገደለው የእናቴ እጅ የቀዳው ጠበል ሊባል ነው። እምቢ ብልና ፈረሱ ቢሞት ደግሞ፣ ጠበል ከልክላ ገደለችው። ሁለቱም መንገድ ገደል ነው።

«እትዬ» አልኩ፣ «አይሆንም።»

ቀረብ ብለው ዓይኔን አዩኝ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«ለተካ ሰጥተሽ ለፈረሱ ትከለክያለሽ?»

በዚያች ሰዓት የኋላ እግሩ ከዳው። ዳማው በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ጉዝጓዙ ላይ ዘፍ አለ። ሴቶቹ ኡኡታ ጀመሩ፤ የፈረስ ሳይሆን የሰው ለቅሶ ነበር፤ ጋሽ ተካ እንደገና የሞቱ መሰለኝ። ባለ ዘይቱ ጠርሙሱን ይዞ ሊገባ ገፋኝ። እኔ ግን አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። አገሬ ጠበል የሚጠጣው ብቻ አይድንም። የማይችል፣ የማይውጥ ሕመምተኛ ይጠመቃል።

«አልከለከልኩም እትዬ» አልኩ። «መዋጥ የማይችል ሰው ጠበል አይጠጣም፤ ይጠመቃል። እሱም ይጠመቅ።»

እጄን ዘረጋሁ። እትዬ በላይነሽ ጠርሙሱን ሰጡኝ።

እንዴት ወደ ፈረሱ እንደቀረብኩ አትጠይቁኝ። በስመ አብ ብዬ ተንበረከክሁ። ግንባሩን ረጨሁት፤ ጆሮውን አራገፈ። መዳፌን አርሼ አንገቱ ላይ ሳሳርፍ ቆዳው ሥር ያለው ነገር እንደ እንጨት ቋጠሮ ደረቅ ነው። ጋሽ ገብሬን ጭንቅላቱን ዝቅ አድርገው እንዲይዙልኝ ለመንኳቸው፤ በአፉ ያለው ወደ ደረቱ ሳይሆን ወደ መሬት እንዲፈስ። ከጎኔ ተቀመጡና ጉንጩን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። እኔ ጠበል በነካው እጄ እብጠቱን በቀስታ እያሸሁ ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ። የት እንደደረስኩ ይጠፋኝና እንደገና እጀምራለሁ። ፈረሱ ሲያስል በጋሽ ገብሬ ሸሚዝና በእኔ ፊት ላይ አረፋው ይረጫል። ውስጤ ግን ሌላ ጸሎት ነበር፤ «ጌታ ሆይ፣ ካጠፋሁ እኔን ቅጣኝ፣ እሳቸውን አትቅጣቸው።»

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር። ያ ሁሉ ሰው በር ላይ እየረጠበ ቆሟል፤ ማንም አልሄደም። ስልኬ ጮኸ። እጄ ጠበልና አረፋ ነበርና ጋሽ ገብሬ አንስተው ጆሮዬ ላይ ያዙልኝ። ሐኪሙ ነው፤ ዋጫ ከተማ ሄዶ ከብት ሲያክም ስልኩን አልሰማም ነበር። ምን እንደበላ፣ ምን እንደሚያሳየው ነገርኩት።

«ውሃ ሰጣችሁት?»

«መጀመሪያ ትንሽ፤ በአፍንጫው መለሰው። ከዚያ በኋላ አልሰጠነውም።»

«ዘይትስ?»

«አልሰጠነውም።»

«ማንም ምንም ቢል በአፉ ጠብታ እንዳይገባ። ሳንባው ከገባ አለቀለት። ጭንቅላቱን ዝቅ፣ ዝም ያለ ቦታ። በሞተር መጣሁ፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ታገሡኝ» አለና ዘጋ።

ጋሽ ገብሬ ሁሉን ሰምተዋል። ለበሩ ሰው በካፊኖኖ አጭር ነገር ተናገሩ። ዘይት የያዘው ሰው ጠርሙሱን ከጃኬቱ ሥር ሸሸገው። ፍርሃቴ ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ባሰ። እስካሁን ብሳሳት ይሆናል እያልኩ ነበር የምፈራው። አሁን ትክክል ሆኜም ሊሞት እንደሚችል ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ብቻ ነበር። ትንፋሹ ሲቀንስ የእኔም ይቀንሳል። አንዴ ጭራሹን ዝም ሲል ጋሽ ገብሬ ዓይናቸውን ጨፍነው «ሄደ» አሉ። እጄን አላነሳሁም። ከጣቴ ሥር ያ ቋጠሮ ትንሽ የሰጠ መሰለኝ፤ ምኞቴ ይሆናል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። እንደገና አሸሁ። እንደ እርጥብ ጭቃ ከመሃሉ ለዘብ አለ። ድንገት ዳማው መላ አካላቱ ተርገፈገፈ፤ አንገቱን ከጋሽ ገብሬ ጭን መንጭቆ ሲያስል አንድ ትልቅ የላቆጠ ሰጋቱራ ከአፉ ወጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ። ከገብሱ ጋር፣ ሞቃት፣ ውሃ የነካው ጉዝጓዝ የሚመስል።

ደንግጬ ወደ ኋላ ወደቅሁ። ፈረሱ ተነፈሰ። ረጅም ትንፋሽ ነበር። እንደገና ተነፈሰ።

ማንም እልል አላለም፤ ቤቱ የሐዘን ቤት ነው። እትዬ በላይነሽ ብቻ ገብተው አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ የወጣውን ሰጋቱራ በነጠላቸው ጠረጉልኝ። እንደዚያ ተቀምጠን ሳለን ነው ሐኪሙ እስከ ወገቡ ጭቃ ለብሶ የደረሰው። ቱቦ በአፍንጫው አስገብቶ የቀረውን አጠበ፤ እስከ ነገ እህል እንዳይቀምስ አዘዘ። ወደ ግርግሙ አየ፣ ወደ ጆንያው አየና «ይሄን ጆንያ ያየ ፈረስስ ቢሳሳት ምን ይፈረድበታል» አለ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልብ የሳቅነው ያኔ ነው፤ ጋሽ ገብሬ ግን አልሳቁም።

በማግስቱ ዳማው ወጣ። ኮርቻው ተጭኖበት፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ሳያነክስ። ጋሽ ገብሬ ልጓሙን ይዘው በሰው መሃል ሲያሳልፉት ድንኳኑ ሙሉ ሰው ተነሣ። አንድ ሽማግሌ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው «ይሄ ነው እንጨት ያበላኸው?» ሲሏቸው ሰማሁ፤ እንባቸውን እየጠረጉ «አዎ፤ ቤት ሊሠራ ነበር» አሉ። እኔ ሴቶቹ መሃል ሆኜ ባዶውን ኮርቻ ሳየው ነው ከትናንት ጀምሮ የያዝኩት እንባ የወጣልኝ።

የቀረኝ አንድ ፍርሃት እናቴ ነበረች። ስደውልላት ጠበሉ ማለቁን መናገር አለብኝ፤ ለምን እንዳለቀም። አገር ቤት ጠበል ለፈረስ እንዴት እንደሚሰማ አላውቅም። እየተንተባተብኩ ነገርኳት።

«ዳነ?» አለችኝ።

«ዳነ።»

«ታዲያ ምን ያንተባትብሻል?»

ከዚያች ቀን በኋላ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ፈረስ መፍራቴን አልተውኩም። አሁንም በጋጣው በር ሳልፍ እርምጃዬ ይፈጥናል፤ አጥሩን ግን አልታከክም። የተለወጠው ሌላ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እሺ ስል እግዚአብሔርን የፈራሁ ይመስለኝ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ የፈራሁት የሰው ዓይን ነበር። ሁለቱ እንደሚለያዩ የገባኝ ያን ቀን በበሩ መቃን ላይ ቆሜ ነው። እግዚአብሔርን በእውነት የፈራሁበት ቀን «አይሆንም» ያልኩበት ቀን ሆነ። እናንተም ከምትወዱት ሰው ፊት እንዲህ ያለ በር ላይ የቆማችሁ ካላችሁ፣ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ላልቆማችሁ ግን አልመኝላችሁም።

ወደ አገር ቤት የሚያዛውረኝን ሥራ ስፈልግ የነበርኩት ሴት ዛሬም እዚያው ግቢ አለሁ። ጆንያዎቹን ጋሽ ገብሬ ራሳቸው ገልብጠው በውስጥ በኩል አድርገዋቸዋል፤ ላሚቱ አሁን ወደ ሰጋቱራው ነው የምታየው። ጉዝጓዙን ጠዋት ጠዋት ውሃ የምረጨው እኔ ነኝ፤ ፍሬው ነፍቶ እስኪፈርስ ድረስ ዳማው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

ከአርባው በኋላ በነበረው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ከሥዕሉ ሥር ያ የእናቴ ጠርሙስ ቆሟል። ባዶ ነበር የተውኩት፤ አሁን እስከ አፉ ሙሉ ነው። እትዬ በላይነሽ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። የት ሄደው እንደቀዱት ብጠይቃቸው በአገጫቸው ጠበል ወደሚፈልቅበት ጫካ አመለከቱኝ።

«የአገርሽ አለቀ» አሉኝ። «ይሄ የዚህ አገር ነው።»